«ሪላክተንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቦታው ለመጠቀም

«ሪላክተንት» ልቡ ሳይፈቅድ አንድን ነገር የሚያደርግን ወይም ለማድረግ የሚያቅማማን ሰው የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። ሥሩ መታገል የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግሥ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ውስጥ መታየት የጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የትግሉ ስሜት ዛሬም ከቃሉ አልወጣም፤ ሰውየው ነገሩን አይወደውም፣ ነገር ግን ጨርሶ እምቢ አላለም።

በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ፈቃደኛ ያልሆነ» ተብሎ ሲተረጎም ይታያል። ይህ ፍቺ ግን ይበልጥ የሚስማማው «አንዊሊንግ» ለሚለው ቃል ነው። ለ«ሪላክተንት» የሚቀርቡት «እያቅማማ»፣ «ቅር እያለው»፣ «ልቡ ሳይፈቅድ» የሚሉት አነጋገሮች ናቸው። «ሳይወድ በግዱ» ደግሞ አስገዳጅ ሰው ወይም ሁኔታ መኖሩን ስለሚያመለክት፣ ግዴታው በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካልታየ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ልዩነቱ ትልቅ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው በማስተርጎም ሥራ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል አንዲት አማርኛ ተናጋሪ እናት ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ተነግሯቸው፣ «እኔ እንጃ፣ ልቤ አልፈቀደም፤ እስቲ ከልጆቼ ጋር ልማከር» ብለው መለሱ እንበል። አስተርጓሚ የተናጋሪውን ቃል በአንደኛ መደብ ስለሚያቀርብ «አይ ሪፊውዝ» ቢል፣ ሐኪሙ ሕክምናውን አልቀበልም እንዳሉ አድርጎ በመዝገባቸው ላይ ሊያሰፍር ይችላል። «አይ አም ሪላክተንት» ቢል ግን ጉዳዩ ሳይዘጋ ይቆያል፤ ሐኪሙም የሚያስፈራቸው ሰመመኑ ይሁን ወይስ ሌላ ነገር ለመጠየቅ ዕድል ያገኛል። በእኔ እምነት አንድ አስተርጓሚ ይህን ቃል ጠንቅቆ ማወቁ ከሙያ ግዴታው የሚቆጠር ነው።

ወደ ሰዋስው ስንመጣ፣ ከቃሉ ቀጥሎ የሚገባው «ቱ» እና ምንም ቅጥያ ያልተጨመረበት ግሥ ነው፤ «ሺ ዎዝ ሪላክተንት ቱ ሳይን» ማለት «ለመፈረም አቅማማች» ማለት ነው። በአማርኛ «ለመፈረም» ስለምንል «ለ»ን «ፎር» ብሎ በመተርጎም «ሪላክተንት ፎር ሳይኒንግ» የማለት ዝንባሌ አለ፤ ይህ በእንግሊዝኛ ስሕተት ነው። ቃሉ ሲነገር ጠበቅ ተደርጎ የሚነበበው «ላክ» የሚለው ክፍል ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው በቅጽሉና በተውሳከ ግሡ መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ሺ ዎዝ ሪላክተንት ቱ ሳይን» ሲባል በመጨረሻ መፈረሟን ወይም አለመፈረሟን አናውቅም። «ሺ ሪላክተንትሊ ሳይንድ» ሲባል ግን ቅር እያላትም ቢሆን ፊርማዋ ወረቀቱ ላይ አርፏል። ስለዚህ ስለ ውል፣ ስለ ምስክርነት ወይም ስለ ስምምነት የሚጽፍ ሰው ድርጊቱ መፈጸሙን አስቀድሞ ሳያረጋግጥ ሁለተኛውን ቅርጽ መጠቀም የለበትም።

ስሙ «ሪላክተንስ» ነው። በመደበኛ ደብዳቤዎች «ዊዝ ግሬት ሪላክተንስ» የሚለው ሐረግ አንድን ውሳኔ በከባድ ቅሬታ መወሰንን ይገልጻል፤ ከሥራ መልቀቂያ ላይ ያምራል፣ ለተራ ማስታወቂያ ግን ይከብዳል። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ይህንኑ ስም በሌላ ፍቺ ያገኙታል፤ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1888 እ.ኤ.አ. አንድ አካል የማግኔት ፍሰትን የሚቋቋምበትን መጠን በዚህ ቃል ሰይሞታል።

ጎረቤት ቃላቱንም መለየት ያስፈልጋል። «ሄዚታንት» የሚያመለክተው እርግጠኛ አለመሆንን ነው፤ ሰውየው ነገሩን ሊወደው ይችላል፣ ግን አልቆረጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጤና 10 ሥጋቶች አንዱ አድርጎ የጠቀሰው የክትባት ማመንታት የተሰየመው ከዚህ ቃል ቤተሰብ ነው። «ሬቲሰንት» ደግሞ ስሜቱንና ሐሳቡን መናገር የማይወድ ቁጥብ ሰው ነው፤ በተለይ አሜሪካውያን በ«ሪላክተንት» ቦታ ሲጠቀሙበት ቢሰማም፣ በጥንቃቄ ለሚጻፍ ጽሑፍ አልመክረውም።

«ሎዝ» የሚለው ቅጽል ከ«ሪላክተንት» ጠንከር ያለና ይበልጥ መደበኛ ነው፤ እሱም «ቱ» እና ግሥ ያስከትላል። መጨረሻው ላይ «ኢ» የተባለችው ፊደል ከተጨመረችበት ግን ግሥ ይሆንና አጥብቆ መጥላት የሚል ፍቺ ይይዛል። በአማርኛ ፊደል ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ስለማይቻል በጆሮ መያዝ ይሻላል፦ የቅጽሉ መጨረሻ «ቲንክ» በሚለው ቃል መነሻ እንዳለው ድምፅ ሲነገር፣ የግሡ መጨረሻ ግን «ዚስ» በሚለው መነሻ እንዳለው ነዝሮ ይነገራል።