ሜሪላንድ ውስጥ የፍጥነት ትኬት ሲደርሳችሁ

ፖሊስ አስቁሟችሁ ትኬት ከሰጣችሁ ተቻኩላችሁ አትክፈሉ። ከከፈላችሁ ጥፋቱን አመናችሁ ማለት ነው፤ በመንጃ ፈቃድ መዝገባችሁ ላይ የቅጣት ነጥብ ይያዝባችኋል፣ ኢንሹራንሱም ሊጨምር ይችላል። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አላችሁ። (የካሜራ ትኬት ሌላ ነው፣ እሱ ነጥብ የለውም።)

ካልከፈላችሁ ሁለት ምርጫ አለ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱትም እዚህ ጋ ነው። "ዌቨር ሂሪንግ" ማለት ጥፋቱን አምናችሁ፣ ምክንያታችሁን አስረድታችሁ ዳኛው እንዲያቀልላችሁ መጠየቅ ነው፣ ፖሊሱም አይጠራም። መከራከር ከፈለጋችሁ "ትራያል" የሚለውን ምረጡ። ያኔ የማስረዳት ሸክሙ የናንተ አይደለም፤ ፖሊሱ ካልቀረበ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሱ ይዘጋል።

አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ብትችሉም እንኳ እባካችሁ አትናቁት፣ ችሎት ፊት ሰው ይደነግጣል።

"ትራያል" ከመረጣችሁ፣ ችሎት ላይ ፖሊሱ ተናግሮ ሲጨርስ ተራው የናንተ ነው። ፍጥነቱን በምን ለካው? መሣሪያው የተፈተሸበት ማስረጃ አለ? መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ከነበረ የናንተን በምን ለየው? "ሁሉም እየበረረ ነበር እኮ" እንዳትሉ፣ ይሄ ራሱ ማመን ነው። መዝገባችሁ ንፁህ ከሆነ ደግሞ ዳኛውን "ፒቢጄ" (ጥፋተኛ ተብሎ ሳይፈረድባችሁ በአመክሮ መታለፍ) ጠይቁ፤ ገንዘቡን ልትከፍሉ ትችላላችሁ፣ ነጥብ ግን አይያዝባችሁም።