የሶሻል ወርክና የኢንተርኔት ሕግ መግቢያ መጻሕፍት፦ ጀማሪ አንባቢ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሶሻል ወርክ (ችግር ያለባቸውን ሰዎችና ቤተሰቦች የመደገፍ ሙያ) እና የኢንተርኔት ሕግ ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። ግን የባለጉዳይ ፋይል ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ፣ ቀጠሮም በስልክ መልእክት መያዝ ከጀመረ ቆይቷል። የመጀመሪያውን የሚማር ሰው ይዋል ይደር እንጂ ሁለተኛውንም መክፈቱ አይቀርም። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ዓይነት መንገድ ሲያነብ ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዕድሜውን ሳያዩ መጀመር

ብዙ ጀማሪዎችን የሚጥለው ይኼ ነው። ስለ ማዳመጥ ወይም ሰውን ከነቤተሰቡና ከነአካባቢው ስለማየት የሚያወራ የሶሻል ወርክ ምዕራፍ ሃያ ዓመት ቢሞላውም ይጠቅማል። የኢንተርኔት ሕግ መጽሐፍ ግን ቶሎ ያረጃል።

የግል መረጃ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚሻገርበትን መንገድ ብቻ ይመልከቱ። ቀድሞ የነበረውን አሠራር የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2015 ሻረው። በ2016 በቦታው ፕራይቬሲ ሺልድ የተባለው አሠራር መጣ። እሱም በ2020 ተሻረ። ሦስተኛው የመጣው በ2023 ነው። በ2019 የታተመ መጽሐፍ ጉዳዩን በልበ ሙሉነት ያስረዳዎታል፤ የሚያስረዳው ግን የሞተ ሕግ ነው። ጂዲፒአር የሚባለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ2018 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የወጣ መጽሐፍ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ዓለም ነው።

ስለዚህ ያገለገለ መጽሐፍ በርካሽ መግዛት ለሶሻል ወርክ ያዋጣል፤ ለኢንተርኔት ሕግ አልመክርም። የሶሻል ወርኩም ቢሆን የሥነ ምግባር ደንብ ምዕራፉ መታየት አለበት። የአሜሪካ ሶሻል ወርከሮች ማኅበር ደንቡን በ2017 ሲያሻሽል በቴክኖሎጂ ስለሚሰጥ አገልግሎት ብዙ ጨምሯል። ከርዕስ ገጹ ጀርባ የእትሙን ዓመት ይፈልጉ። የሕግ መጽሐፍ ከሆነ መቅድሙንም ያንብቡ፤ ብዙዎቹ እስከ የትኛው ቀን ያለውን ሕግ እንደያዙ እዚያ ይናገራሉ።

የማን አገር ሕግ እንደሆነ መርሳት

በአሜሪካ በ1996 የወጣው አንቀጽ 230 የሚባለው የሕግ ድንጋጌ የኢንተርኔት መድረክ ያቀረበ ድርጅት ተጠቃሚ ለጻፈው ነገር እንደ አሳታሚ እንዳይቆጠር ይከላከላል። በአውሮፓ ጥበቃው ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አስተናጋጁ ሕገ ወጥነቱን አውቆ ቶሎ ካላነሳ ከለላውን ያጣል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው «ድርጅቱ አይጠየቅም» ብሎ ዓለምን ሁሉ ሊዳኝ ይነሳል።

ሶሻል ወርክም ከዚህ አያመልጥም። ባለጉዳዩ ሌላ ሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ ሲል ምስጢር ይጠበቅ ወይስ ይነገር የሚለው ጥያቄ በብዙ የአሜሪካ መጻሕፍት የሚጀምረው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ከሰጠው ውሳኔ ነው። ውሳኔው የካሊፎርኒያ ነው። በራሷ በአሜሪካ እንኳ አንዱ ግዛት እንዲነገር ያስገድዳል፣ ሌላው እንዲነገር ይፈቅዳል።

የታሪኩን ምዕራፍ መዝለል

አሰልቺ ስለሚመስል ሁሉም ይዘለዋል። ግን ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። በ1869 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ማኅበር ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይመረምር ነበር። አሜሪካዊቷ ጄን አዳምስ በ1889 ቺካጎ ላይ ሃል ሃውስ የተባለውን የሰፈር አገልግሎት ማዕከል ስትከፍት ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ገብታ ኖረች። ሰውየው ይለወጥ ወይስ ኑሮው? ሶሻል ወርክ እስከ ዛሬ በዚህ ይሟገታል።

በኢንተርኔት ሕግም እንዲህ ያለ ክርክር አለ። በ1996 ፍራንክ ኢስተርብሩክ የተባሉ አሜሪካዊ ዳኛ «የፈረስ ሕግ» የሚባል ትምህርት እንደሌለ ሁሉ የኢንተርኔት ሕግ የሚባልም አያስፈልግም የሚል ሙግት አነሱ። የሕግ ምሁሩ ሎውረንስ ሌሲግ ደግሞ የሶፍትዌሩ አሠራር ራሱ ሰውን እንደ ሕግ ይገዛል ብሎ መለሰላቸው። እኔ ወደ ሌሲግ አደላለሁ፤ የዳኛው ፈረስ ግን አይረሳም።

የፍርድ ማጠቃለያን እንደ ፍርዱ መውሰድ

በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጉግል ላይ የሰጠው ውሳኔ «የመረሳት መብት» ተብሎ ይጠራል። ማጠቃለያ ብቻ ያነበበ ሰው መረጃው ከኢንተርኔት የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም። የጋዜጣው ገጽ እዚያው ነው፤ የተነሳው አቤቱታ ባቀረበው ሰው ስም ጉግል ላይ ሲፈለግ የሚመጣው ሊንክ ነው። በ2019 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጉግል ይህን በዓለም ዙሪያ እንዲያደርግ የአውሮፓ ሕግ አያስገድደውም አለ። ከአንድ ምዕራፍ ቢያንስ አንድ ፍርድ ሙሉውን ያንብቡ።

የገጽ ብዛትን የጥራት ምልክት ማድረግም አለ። ወፍራሙን መጽሐፍ ሰው ይገዛዋል እንጂ አይጨርሰውም።

ምስጢርን በሁለት መጽሐፍ ለሁለት መክፈል

የሶሻል ወርክ መጽሐፍ ምስጢርን በዋናነት እንደ አደራ ያስተምራል፦ የሰማኸውን አትናገር። የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሌሎች ጥያቄዎች ይጨምራል። ለምን መዘገብከው? ከሚያስፈልገው በላይ አልወሰድክም? መቼ ታጠፋዋለህ? የጤና መረጃ ከሆነ በጂዲፒአር ጥበቃው ይከብዳል። ባለጉዳዩም በመርህ ደረጃ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ አሳዩኝ ማለት ይችላል።

አንዱን ብቻ ያነበበ ባለሙያ አፉን ዘግቶ፣ የባለጉዳዩን ፋይል ግን ቢሮው በሙሉ በሚከፍተው ኮምፒውተር ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ያንብቡ። ከዚያ ባለጉዳዩ ነገ መጥቶ ሊያነበው ይችላል ብለው አንድ የልምምድ ማስታወሻ ይጻፉ። «ሰነፍ ነው» የሚለው ወጥቶ «ሁለት ቀጠሮ ቀርቷል» የሚለው ይገባል።