ራፍተሩ ከጣሪያው ጋር አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በ3ዲ ሶፍትዌር ጣሪያ ማውጣት ብዙም አያስቸግርም። ዙሪያውን ትስላላችሁ፣ ተዳፋቱን ትሰጡታላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ያቆመዋል። ጣጣው የሚጀምረው ከስሩ ራፍተር፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከሙትን ተዳፋት እንጨቶች፣ መደርደር ሲመጣ ነው። በዋናነት የማወራው ስለ ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር) ነው፣ ስኬችአፕ ለምትጠቀሙም መሃል ላይ አለላችሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከየት እንደምንለካ ሳንወስን መሳል ስለምንጀምር ነው። መነሻችን የራፍተሩ ጀርባ (የላይኛው ገጽ) ነው ወይስ ሆዱ (የታችኛው ገጽ)? የግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ነው ወይስ ውጭኛው?

ራፍተሩ ጣሪያውን ወግቶ ወጣ

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። 3ዲ ላይ ስታዩት የራፍተሩ ጀርባ ከጣሪያው በላይ ብቅ ብሏል፣ ወይም ጣሪያው ውስጥ ተቀብሯል።

አንደኛው ምክንያት ወርክ ፕሌኑ፣ ማለትም የምንስልበት ገጽ ነው። "ሴት" (Set) ብላችሁ ፕሌን ስትመርጡ የጣሪያውን የላይኛውን ገጽ ከነካችሁ ራፍተሩ የሚሳለው እዚያ ላይ ነው። 3ዲውን ገልብጡና ከስር በኩል የጣሪያውን ሆድ ምረጡ። ከዚያ የራፍተሩ "ዚ ጀስቲፊኬሽን" "ቶፕ" መሆኑን እዩ። እንዲህ ሲሆን የራፍተሩ ጀርባ ከጣሪያው ሆድ ጋር ልክክ ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሒሳብ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። የጣሪያው ውፍረት 150 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ራፍተሩን ከላይኛው ገጽ 150 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ብታወርዱት አሁንም ጣሪያው ውስጥ ይገባል፤ ምክንያቱም 150ው የተለካው ለተዳፋቱ በቀጤ ነክ ነው፣ እናንተ ያወረዳችሁት ግን በቱምቢ ነው። በቱምቢ የሚለካውን ለማግኘት ውፍረቱን ለተዳፋቱ ኮሳይን አካፍሉት። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ 173 ሚሊ ሜትር፣ 45 ዲግሪ ከሆነ 212 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ሌላም አለ። የጣሪያው ዓይነት ውስጥ የእንጨቱን ቁመት እንደ አንድ ንብርብር አስገብታችሁ ከሆነ፣ ራፍተር ለብቻው ስትስሉ እንጨቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የእንጨት ዝርዝር ስታወጡ ነው ጉዱ የሚታየው። ወይ ንብርብሩን አስወጡት፣ ወይ ራፍተሩን አትሳሉት። ራፍተሩን መሳል ካለባችሁ እኔ ንብርብሩን አስወጡት ነው የምለው።

የጣሪያው ከፍታ ራሱ ካሰባችሁት ተዛነፈ

ጣሪያውን ግድግዳ እየመረጣችሁ ከሠራችሁት ንብረቶቹ ውስጥ "ራፍተር ኦር ትራስ" (Rafter or Truss) የሚል ምርጫ አለ፤ ትራስ ማለት ከእንጨት ወይም ከብረት ተገጣጥሞ የሚሠራ የጣሪያ ተሸካሚ ነው። "ራፍተር" ካላችሁት ከፍታው የሚለካው ከግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ነው፣ "ትራስ" ካላችሁት ከውጭኛው። ግድግዳው 200 ሚሊ ሜትር፣ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ በሁለቱ መካከል 115 ሚሊ ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ይፈጠራል። ራፍተሩን ብታስተካክሉ ብታስተካክሉ አልገጥም ካላችሁ መጀመሪያ ይህንን እዩት።

በመቶና በዲግሪም አታምታቱ። 30 በመቶ ማለት 16.7 ዲግሪ ብቻ ነው።

ሪጁ (የጣሪያው አናት መስመር) ላይ ክፍተት፣ ጫፉ ላይ የተሳሳተ ቁርጥ

ራፍተር በሬቪት ዓይን ተራ ቢም (ተሸካሚ አግዳሚ) ነው። ስለዚህ ሌላ ቢም ሲያገኝ ራሱን ትንሽ ወደኋላ ይሰበስባል። ጫፉ ላይ ያለችውን ነጥብ በቀኝ ክሊክ ተጭናችሁ "ዲስአላው ጆይን" በሉት፣ ከዚያ በ"ኤክስቴንሽን" አስረዝሙት። ቁርጡ ግን ያው ለራፍተሩ ርዝመት ቀጥ ያለ እንጂ በቱምቢ አይሆንም። ጥቂት ራፍተር ከሆነ የጎኑን ገጽ መርጣችሁ "ኦፕኒንግ ባይ ፌስ" በመጠቀም ትርፉን ቆርጣችሁ ማውጣት ይቻላል። ብዙ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ያሰለቻል፤ የተዳፋቱ ማዕዘን እንደ ፓራሜትር (እንደሚቀየር መጠን) የገባበት አንድ የራፍተር ፋሚሊ፣ ማለትም ደጋግማችሁ የምታስገቡት ሞዴል፣ ሠርታችሁ እሱን ደርድሩት። በርድስማውዙንም፣ ማለትም ራፍተሩ ግድግዳው ጫፍ ላይ እንዲቀመጥ ከሆዱ የሚቆረጠውን ሦስት ማዕዘን፣ እዚያው ፋሚሊው ውስጥ በቮይድ (ሌላውን በሚቆርጥ ባዶ ቅርጽ) ቁረጡት። የቆየው የአናጺዎች ልማድ ከራፍተሩ ቁመት ሲሶውን አትለፍ ይላል፣ ስለዚህ ለ150 ሚሊ ሜትር ራፍተር ከ50 አትለፉ።

ስኬችአፕ ላይ ደግሞ ራፍተሩን ኮምፖነንት (እንደ አንድ ዕቃ የታሰረ ሞዴል) አድርጉት። ለማስረዘም "ስኬል" አትጠቀሙ፤ የቁርጡን ማዕዘን ያዛባዋል። ኮምፖነንቱን ከፍታችሁ ጫፉን ብቻ መርጣችሁ በተዳፋቱ አቅጣጫ በ"ሙቭ" ሳቡት።

የሂፕ ራፍተሩ አልደርስ አለ

ሂፑ፣ ማለትም ሁለት ተዳፋቶች በሚገናኙበት የቤቱ ጥግ ላይ የሚወጣው ራፍተር፣ እንደሌሎቹ 30 ዲግሪ አይደለም! ቀጥ ባለ የቤት ማዕዘን ላይ ሁለቱ ተዳፋቶች እኩል 30 ዲግሪ ሲሆኑ ሂፑ 22.2 ዲግሪ ነው፣ ምክንያቱም ያንኑ ከፍታ የሚወጣው ረዘም ባለ አግድም መንገድ ነው። ማዕዘኑን በእጅ ከማስገባት "3ዲ ስናፒንግ" አብርታችሁ ከጣሪያው ሆድ ጥግ እስከ ሪጁ መጨረሻ ሁለቱን ነጥቦች ያዙ፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ያሰላዋል። ከዚያም በኋላ የሂፑ ሁለት የላይኛ ጠርዞች ከጣሪያው ሆድ በላይ ትንሽ ይወጣሉ። ወይ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ወይ ጀርባውን በሁለቱም በኩል ሸርፉት።

ፕላን ላይ አይታይም ወይም መስመር ብቻ ሆነ

መስመር ብቻ ከሆነ "ዲቴል ሌቭል"ን ከ"ኮርስ" ወደ "ሚዲየም" ቀይሩት። ጭራሽ ካልታየ "ቪው ሬንጅ" (ፕላኑ የሚያሳየው የከፍታ ክልል) ነው፤ ከራፍተሩ በላይ ድረስ ከፍ አድርጉት።

ተዳፋቱን ስቀይር ራፍተሮቹ ባሉበት ቀሩ

አንዱን ራፍተር ምረጡና ንብረቱ ውስጥ "ወርክ ፕሌን" የሚለውን አንብቡ። "ኖት አሶሺዬትድ" ካለ ከጣሪያው ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው የመነሻና የመድረሻ ከፍታውን በእጅ ስትነካኩ ነው። "ኤዲት ወርክ ፕሌን" ብላችሁ የጣሪያውን ሆድ መልሳችሁ ስጡት። ብዙ ራፍተር ከተቋረጠ ግን አንድ በአንድ ከመጠገን ሁሉንም አጥፍታችሁ በጣሪያው ሆድ ላይ በ"ቢም ሲስተም" እንደገና መደርደር ይሻላል፤ በራፍተሮቹ መካከል ያለውን ርቀት አንዴ ብቻ ነው የምትሰጡት።