ከዙም ስብሰባ ወደ ትሬሎ ካርድ፦ ውሳኔዎች በራሳቸው እንዲመዘገቡ ማድረግ
ጅማ ተቀምጦ ለቡና አቅራቢዎች መተግበሪያ የሚያለማ አነስተኛ ቡድን፣ ከአዲስ አበባ ባልደረቦቹ ጋር በዙም የወሰነው ነገር በደብተር ላይ እንዳይቀር፣ ዛፒየር የተባለውን አገናኝ አገልግሎት ሊጠቀም ይችላል።

በመጀመሪያ ዙምንና ሥራዎች በካርድ የሚዘረዘሩበትን ትሬሎን ከዛፒየር ጋር ያገናኙ፤ ከዚያም የተቀዳ አዲስ ስብሰባ (ሪከርዲንግ) መዘጋጀትን መነሻ፣ በትሬሎ ካርድ መክፈትን ደግሞ ተከታይ ተግባር አድርገው ይምረጡ። ይሁን እንጂ ይህ መነሻ የሚሠራው ስብሰባው በደመና፣ ማለትም በዙም የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ላይ ሲቀዳ ስለሆነና ይህም ክፍያ ስለሚጠይቅ፣ ነጻውን ዙም የሚጠቀም ቡድን ስብሰባው ሲያበቃ አንድ አባል የሚሞላውን የጉግል ቅጽ መነሻ ማድረግ ይችላል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ጊዜ ጽሑፍ ከቪዲዮ ይልቅ በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ለቅጹ ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ መቼ ያልቃል?

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። ሶፍትዌሮቹ ቀንን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ሰዓትን ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለው በእነርሱ ዘንድ 9፡00 ነው፤ ስለዚህ ቀኑንም ሰዓቱንም ለውጠው ይሙሉ፣ የሰዓት ክልሉም የምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን ያረጋግጡ።

በመጨረሻ አንድ ቅጽ ለሙከራ ሞልተው ካርዱ በተፈለገው ዝርዝር ሥር መውጣቱን ሲያዩ፣ አሠራሩን ያብሩት።