ዎርድ እንዳለ ሆኖ፣ ሊብሬኦፊስም ይኑራችሁ
ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠሩ፣ ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ) ዎርድ ከነቫይረሱ ከመጫን የዎርድንና የኤክሴልን ዓይነት ሥራ የሚሠራውን ሊብሬኦፊስ የተባለ ፕሮግራም ሞክሩት። ነፃ ነው፤ ሜኑው በአማርኛም ይመጣል። ዎርድ የሚጠቀም ደንበኛ ካላችሁ ፋይሉን ስታስቀምጡ ዶክኤክስ (.docx፣ የዎርድ ፋይል ዓይነት) ምረጡለት።

ጣጣው ፊደሉ ላይ ነው። የናንተ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ መስመሩ ይዘበራረቃል፣ ሠንጠረዡ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይዘላል። ስለዚህ በነፃ የሚገኘውን አቢሲኒካ ፎንት ሁለቱም ጋ ጫኑ። ለማተም ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፤ ፎንቱ አብሮ ይሄዳል። (ማክሮ፣ ማለትም ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ፣ የበዛበት የኤክሴል ፋይል ከመጣ ግን አትድከሙ፣ እዚያው ኤክሴል ላይ ሥሩት።)

ሊብሬኦፊስን መደገፍ ለምትፈልጉ ገንዘብ የግድ አይደለም። ሜኑው ላይ የተወላገደ አማርኛ ስታዩ ማሳወቅም ማረምም ይቻላል። ፕሮግራሙን በፍላሽ ገልብጣችሁ ለጎረቤት ሱቅ ብትሰጡም ሕጋዊ ነው።