ስሮትል ቦዲ ስትነካኩ ሚኒሞ የሚያጠፉ ስህተቶች

ሚኒሞ (እግር ከነዳጅ ሲነሳ ሞተሩ የሚይዘው ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ያለ መኪና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የስሮትሉን ማቆሚያ ብሎን ነው። ስሮትል ቦዲ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሚዞር ሳህን የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል ነው። ፋብሪካው የቀባት ቀለም ከተላጠ፣ ጫፏ ላይ የካቻቪቴ ጭረት ካለ፣ ባለቤቱ ሳይነግረኝ ታሪኩን አውቀዋለሁ። ሚኒሞው ወረደ። አንድ ሰው ብሎኗን ሩብ ዙር አጠበቃት። ለሳምንት ተሻለው። ከዚያ ባሰበት።

ስለዚች ብሎን ልናገርና ይውጣልኝ። ካርቡራተር ላይ እጃችንን የፈታን ሰዎች ሚኒሞ በካቻቪቴ የሚስተካከል ነገር ይመስለናል። ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት) ሞተር ላይ ግን ሚኒሞ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ የስሮትሉ ሳህን ይዘጋል። በኬብል በሚሠራው ዓይነት፣ ሞተሩ ያኔ የሚተነፍሰው በጎን ባለች ጠባብ መተላለፊያ ነው። እዚያ ላይ የሚኒሞ ቫልቭ አለ። ኮምፒውተሩ በደቂቃ 750 ዙር ከፈለገ ቫልቩን እየከፈተና እየዘጋ 750 ላይ ያቆየዋል። ኤሲ ስታበሩ ትንሽ ይከፍትለታል፣ ስታጠፉ ይመልሰዋል። ብሎኗ ደግሞ ሳህኑ ግድግዳው ላይ እንዳይነክስ መደገፊያ ናት። በቃ።

ስታጠብቋት ምን ይሆናል? በሳህኑ ጠርዝ ትርፍ አየር ይገባል። ኮምፒውተሩ ለማካካስ ቫልቩን ይዘጋል፣ ይዘጋል፣ በመጨረሻ የሚዘጋው ያጣል። የባሰው ግን ሳህኑ ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የስሮትል ሴንሰር ነው። ብዙ መኪኖች ላይ ሳህኑ ሲዘጋ 0.5 ቮልት፣ ሙሉ ሲከፈት 4.5 ቮልት አካባቢ ያሳያል። የታችኛው 0.7 ከሆነ ኮምፒውተሩ «ሰውዬው ነዳጅ እየረገጠ ነው» ብሎ ሚኒሞ መቆጣጠሩን ሊተወው ይችላል። ከዚያ ኤሲ ሲበራ ሞተሩ ይንዘፈዘፋል፣ መሪ ሙሉ ሲዞር ድርግም። ሰውዬውስ ምን ያደርጋል? ሌላ ሩብ ዙር!

ነክታችኋት ከሆነ መጀመሪያ ሳህኑ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ አላሏት። ቀስ ብላችሁ መልሷት፤ ሳህኑ ሳይነክስ መከፈት የሚጀምርበት ቦታ ላይ አቁሙ። ከዚያ የሴንሰሩን ቮልት ከመኪናው መመሪያ ጋር አስተያዩ። ሚኒሞው አሁንም ከወረደ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ብዙ ስሮትል ቦዲዎች ውስጥ የራዲያተር ውሃ ያልፋል። ወጣት ሳለሁ «የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ጉልበት ይቀንሳል» የሚል ወሬ ሰማሁና የገዛ መኪናዬን ሁለት ቱቦዎች ፈትቼ እርስ በርስ አገናኘኋቸው። ጠዋት ሳስነሳው ደህና ነበር። ሲሞቅ ግን ዙሩ ወደ 2000 ይወጣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይወጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ሴንሰር ስቀያይር ከረምኩ። ለካ በዚያ ሞዴል ላይ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተጨማሪ አየር የምታስገባ ቫልቭ አለች፤ ውስጧ ሰም ነው። የሚዘጋት የውሃው ሙቀት ነው። ውሃውን ከለከልኳት፣ እሷም ክፍት ቀረች። ዙሩ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጣል፣ ሲወርድ ይለቃል። መውጣት መውረዱ ከዚያ ነው የመጣው። ያ ውሃ በብርድና በእርጥበት ጊዜ ስሮትሉ በረዶ እንዳይዝም ይጠብቃል። ተዉት።

ትልቅ ስሮትል መግጠም የሚወዱ ልጆች አሉ፤ እኔም እወዳቸዋለሁ፣ ከ60 ወደ 70 ሚሊሜትር ሲሄዱ ግን ስሌቱን አያዩም። ዲያሜትሩ በ10 ሚሊሜትር ጨመረ፣ የቀዳዳው ስፋት ግን 36 በመቶ አደገ። ስለዚህ ፔዳሉን ነካ ስታደርጉ መኪናው ይስፈነጠራል፤ ብዙዎች «ጉልበት ጨመረ» የሚሉት ይህንን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ስካነር (የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) ሰክታችሁ የማኒፎልድ ግፊቱን እዩ፤ ማኒፎልድ ከስሮትሉ ወደ ሲሊንደሮቹ አየር የሚያከፋፍለው ቱቦ ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር፣ ሙሉ ነዳጅና ከፍተኛ ዙር ላይ ግፊቱ ሞተሩ ጠፍቶ ከሚያሳየው ጋር ከተቀራረበ የድሮው ስሮትል አላነቀውም። ገንዘባችሁን ያዙ። ከገጠማችሁም የማኒፎልዱን አፍና መሃል ያለውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን አብራችሁ አስፉ፤ አለዚያ አየሩ ከጠርዙ ጋር ይላተማል።

ነባሩን ስሮትል ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ የምታስፉ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ ሳህኑ ፍጹም ክብ አይደለም። ትንሽ ጋደል ብሎ ስለሚዘጋ በጥቂቱ ሞላላ ነው፣ ጠርዙም በዚያው አንግል የተሞረደ ነው። ክብ ቆርጠው ያስገቡት ሳህን ወይ ይነክሳል ወይ አየር ያሳልፋል። ሳህኑን የሚይዙትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ፋብሪካው ጫፋቸውን ቀጥቅጦ ያስራቸዋል። ከፈታችኋቸው በአዲስ ተኩ፣ ማጣበቂያ አድርጉ፣ ጫፋቸውንም መልሳችሁ ቀጥቅጡ። አንዷ ከወለቀች የምትሄደው ፒስተን ላይ ነው።

ጽዳት ላይ የአሸዋ ወረቀት አታስጠጉ። አንዳንዶቹ ሳህኖች ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ፋብሪካው ለማሸጊያ የቀባው ነው። ፋቃችሁት ስታበቁ «ካጸዳሁት ወዲህ ሚኒሞው ከፍ አለ» ትላላችሁ።

ኤሌክትሮኒክ ስሮትል (በኬብል ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈት) ውስጥ፣ ሶኬቱ ተሰክቶ ቁልፉ ሳይጠፋ፣ ጣት አይገባም። ሳህኑን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ጣት መሆኑን አያውቅም።

በደረጃ የሚዞር የሚኒሞ ቫልቭን ጫፍ በጉልበት አትግፉ፣ ውስጡ ያለው ጥርስ ይበላሻል። በብዙ የድሮ ጀነራል ሞተርስ መኪኖች ላይ ጫፉ ከ28 ሚሊሜትር በላይ ወጥቶ ከገጠማችሁት መቀመጫውን ይገፋዋል። እንዲህ ዓይነቱ ቫልቭ የት እንዳለ ለኮምፒውተሩ አይነግረውም፤ ኮምፒውተሩ ደረጃ ቆጥሮ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ቁልፉ በርቶ ሶኬቱን አትንቀሉ፣ ቆጠራው ይዛባል።

ሁሉን ገጥማችሁ ሚኒሞው ከፍ ካለ ግን ወደ ብሎኗ አትሩጡ። ስካነሩ ላይ የቫልቩን ደረጃ እዩ። ዜሮ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ከሌላ ቦታ አየር እየገባ ነው። ከማኒፎልዱ ጋር የተያያዙትን የቫኪዩም (የሞተሩ ስበት የሚሠራባቸው) ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉ፤ ድምፁ የተለወጠበት ቱቦ መስመር ላይ ነው ቀዳዳው። ባለፈው አንዱ ስሮትል ቦዲውን ሦስት ጊዜ ፈትቶ የገጠመበትን መኪና አመጣልኝ። ከፍሬን ሰርቮው (ፍሬን ሲረገጥ ጉልበት ከሚያግዘው ክፍል) የሚመጣው ቱቦ ታጥፎ ተሰንጥቆ ነበር።