የፋይል ቀናችሁ 2038ን እንዲሻገር

በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ የሚሠራ የሲ ፕሮግራም ካላችሁ፣ የፋይልን ጊዜ የሚይዘው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ወዲያ ያለ ቀን አይችልም። ጂሊብሲ (glibc፣ የሲ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ) 2.34ና ሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) 5.1 ወይም ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ ኮዱን ስታጠናቅሩ (ኮምፓይል ስታደርጉ) «ታይም ቢትስ» (_TIME_BITS) የተባለውን ማክሮ፣ ማለትም ለማጠናቀሪያው የሚሰጠውን ቅንብር፣ 64 አድርጉት። «ፋይል ኦፍሴት ቢትስ» (_FILE_OFFSET_BITS) የተባለውም ማክሮ 64 ይሁን፤ አለዚያ ማጠናቀሩ በስህተት ይቆማል።

አደራ የምላችሁ ግን ይህን ነው፦ ከፕሮግራማችሁ ጋር የጊዜ እሴት የሚቀባበሉትን ላይብረሪዎች ሁሉ በዚያው ቅንብር እንደገና አጠናቅሩ። ግማሹ 32፣ ግማሹ 64 ከሆነ የመረጃ መዋቅሮቹ መጠን ይለያያል፤ ፕሮግራሙም ምንም ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ ቦታ ያነባል።

ለመፈተሽ ፕሮግራሙ የአንድን ፋይል ቀን ወደ 2040 ለውጦ መልሶ እንዲያነበው አድርጉ። የዲስኩ ፋይል ሲስተም ኤክስት4 (ext4) ሆኖ አይኖዱ (የፋይሉን ቀንና ሌላ መረጃ የሚይዘው መዝገብ) 128 ባይት ከሆነ ግን ኮዱ ቢስተካከልም ቀኑ አይቀመጥም፤ 256 ባይት ያስፈልጋል።